ጾመኛው ሻምበል

ሻምበል የአቶ ኃይለሚካኤል ውሻ ነው። ማዕረጉን ማን ሰጠው ሲባሉ አቶ ኃይለሚካኤል «ራሱን ነው የሾመው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከጌታው ፊት ፊት እየቀደመ፣ መንገድ እያስለቀቀ ነው የሚሄደው። ጭሮ ውስጥ ግን የታወቀው በሌላ ነገር ነው። በሁዳዴ አቶ ኃይለሚካኤል እኩለ ቀን ላይ ለቅዳሴ ሲገቡ፣ እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ከጽዱ ሥር ተጋድሞ ይጠብቃቸዋል። እህል አይቀምስም። ዳቦ ቢጥሉለት አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕዝቡ ሲወጣ ሁለቱ አብረው ቤት ገብተው አብረው ይበላሉ። ሰፈርተኛው «ጾመኛው ውሻ» ይለዋል፤ አቶ ኃይለሚካኤልም ይህን በሰሙ ቁጥር አንዲት ልጃቸው እንቁ የተመረቀች ዕለት እንደኮሩት ይኮራሉ።

እንግዲህ ይህ ጾመኛ በደብረ ዘይት ሳምንት፣ ቅዳሴው አልቆ ጌታው «ና እንጂ ሻምበል» ቢሉት አልነሣ አለ። ጅራቱን አንዴ አነሣና መልሶ ጣለው። አቶ ኃይለሚካኤል ነጠላቸውን አውልቀው ጠቀለሉት። የመጀመሪያው ባጃጅ «ውሻ አልጭንም» ብሎ ሲያልፋቸው በሁለተኛው አሳፍረው ቤት አስገቡት። የቅዳሴ ነጠላ በውሻ ለሐጭ ሲርስ ያዩ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ያዘኑት ለነጠላው ይሁን ለውሻው እግዜር ይወቅ።

እንቁ ተደውሎላት ከባንክ ሥራዋ አስፈቅዳ ስትደርስ፣ አባቷ በረንዳው ላይ መሬት ተቀምጠው የሻምበልን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገዋል። እሳቸው መሬት ሲቀመጡ አይታ አታውቅም። ልቧ ስንጥቅ አለ። ግማሹ የተሰነጠቀው ለውሻው ነበር። ሌላው ግማሽ ለማን እንደሆነ ለመናገር ስለ ነቢዩ ማውራት ግድ ነው።

ነቢዩ የአሰቦት ፍየል አርቢ ልጅ ነው። የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ተመርቆ ሲመጣ ሰው ሁሉ በሬና ግመል ያክማል ብሎ ጠበቀው። እሱ ግን መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቶ «የውሻ ጤናና ምግብ» ብሎ በራሱ እጅ ለጠፈባት። ጭሮ ሳቀች። «ሰው ጎመን ባጣበት ዘመን ለውሻ ቫይታሚን!» ተባለ። የጫት መጋዘን ያላቸው ነጋዴዎች ግን ቀስ እያሉ መጡ፤ ሌሊት ዘብ የሚቆምላቸው ውሻ ፀጉሩ ሲረግፍ፣ ጎኑ ሲታጠፍ ማየት አይወዱማ። ነቢዩ የመጣለትን ውሻ መርፌ ወግቶ አይሰድም። ጥርሱን ያያል፤ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ፣ ቀን ታስሮ ይውል እንደሆነ፣ ማን እንደሚያጫውተው ሳይቀር ይጠይቃል። ከዚያ እንደየድካሙ ከሽፈራው ቅጠል፣ ከተልባ፣ ከእንቁላል ቅርፊት፣ ከአጥንት የፈጨውን ማጠናከሪያ ዱቄት ቀምሞ ይሰጣል።

እንቁ የዛሬ ዓመት ሻምበልን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይዛው ብትሄድ፣ ጥያቄው አላልቅ ሲላት «ለውሻ ይህን ያህል ከጠየቅክ ለሰው ስንት ልትጠይቅ ነው?» አለችው። እሱም ቀና ብሎ አያትና «ለሰውማ አንድ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ግን ዛሬ አይደለም» አላት። እንዲህ ነው የተጀመረው። ፍቅራቸው ዓመቱን ሙሉ በዓይን፣ በስልክ መልእክት፣ በባጃጅ ፌርማታ ሲሸሸግ ከርሞ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነቢዩ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

ወሬው ግን ቀድሞ አባቷ ጆሮ ገባ። «የፍየል አርቢ ልጅ መሆኑ ምንም አይደለም፤ እኔም ከቦኬ በእግሬ ነው የመጣሁት» አሉ፣ አሁን በአስፋልቱ ዳር ትልቅ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው አቶ ኃይለሚካኤል። «ለውሻ ቀላቢ የምድራት ልጅ ግን የለችኝም።» እንቁ ያኔ አልተከራከረችም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ግን ሻምበል ጾሙን ሲጨርስ ሁልጊዜ እንደሚከሳ ታውቃለችና ነቢዩን ለመነችው፤ አጥንትም እንቁላልም የሌለበት፣ የጾም ዱቄት አዘጋጀላት። ለውሻ የጾም ዱቄት! የሰማ ሁሉ ሳቀ። አባቷም እየሳቁ ፈቀዱ። እንቁ በልቧ የያዘችው ስሌት ቀላል ነበር፤ ሻምበል ዘንድሮ ጾሙን በርትቶ ከጨረሰ፣ አባቷ የልጁን ዋጋ ያያሉ።

አሁን ሻምበል ወድቋል። ስሌቷም አብሮት ወድቋል።

እናቷ ወይዘሮ ዓለምሸት «ያንን ልጅ ጥሪው» አሉ። ነቢዩ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ እየሮጠ መጣ። እሱ ሲደርስ ግቢው በጎረቤት ሞልቷል። ተንበርክኮ የሻምበልን ከንፈር ገለጠ። ድዱ ደም የሚባል አልነበረበትም፤ ወረቀት መስሏል። «ሽንቱ ምን ይመስላል?» ብሎ ጠየቀ። «ጠቁሯል፤ ሦስት ቀን ሆነው» አሉ ወይዘሮ ዓለምሸት።

«ከቅዳሴ መልስ ምን ይበላል፣ አባባ?»

«እኔ የምበላውን ነዋ!» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል። «ከገበታዬ፣ በእጄ አጎርሰዋለሁ። ሽንኩርቱ ደህና የተቁላላ ሽሮ፣ ምስር። ሥጋ ስለሌለ ጉልበት እንዲሆነው፣ ትልም እንዳይዘው ብዬ ዘንድሮ በየቀኑ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ እጨምርለታለሁ። ለልጅ እንኳ እንዲህ አይደረግም!»

የነቢዩ እጅ የሻምበል አንገት ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ሽማግሌውን አያቸው። ዕንባ ያቀረሩ ዓይኖቻቸውን አየ፤ ጭናቸው ላይ ያለውን ነጠላ አየ፤ በአጥሩ ዙሪያ የቆመውን ሰው አየ። በመጨረሻ እንቁን አያት። ሊናገር የፈለገው ነገር እንዳለ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

«ዱቄቱ ይቁም» አለ ቀስ ብሎ። «የቤት ወጥም ለጊዜው አይቅመስ። ጉበትና እንቁላል ተቀቅሎ ቢሰጠው...»

«በሁዳዴ? በኔ ድስት?» ወይዘሮ ዓለምሸት አማተቡ።

አቶ ኃይለሚካኤል ቱግ አሉ። «አያችሁልኝ? መርዞ ሲያበቃ ደግሞ ቤቴን ሊያስገድፍ! ይህ ውሻ ስንት ሁዳዴ ከኔ ጋር ጾሟል! ዘንድሮ የተጨመረበት ያንተ ዱቄት ብቻ ነው። ተናገር እስቲ በሰው ፊት፤ ጥፋቱ የማን ነው?»

ሻምበል ብቻ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

«የኔ ነው» አለ ነቢዩ። «በደንብ መጠየቅ ነበረብኝ።»

እንቁ አየችው። አንድ አፍታ ብቻ ነው። ግን በዚያች አፍታ «እውነት አንተ ነህ?» ብላ ነው ያየችው። እሱም እንዲህ ብላ እንዳየችው አየ። ዓይኑን ሰብሮ ቦርሳውን አነሣ። «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» የሚለው የአባቷ ድምፅ እስከ መንገድ ድረስ ተከተለው። እንቁ በረንዳው ላይ ቆማ ቀረች፤ ከአባቷ ስድብ ይልቅ የራሷ ዓይን አሳፈራት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ሄደች። ነቢዩ የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥኑን ያስራል። አሰቦት ሊወርድ ነው፤ የአርብቶ አደሮቹን ውሾች ሊከትብ።

«ዱቄቱ ውስጥ ምን ነበረ?» አለችው። ከአፏ ሲወጣ ገና መጥፎ ጥያቄ መሆኑ ታወቃት።

«ሽፈራው፣ ተልባ፣ ትንሽ የቦሎቄ ዱቄት። አብረን ነው የነፋነው፣ እንቁ። ወንፊቱን አንቺ ይዘሽ።»

«ታዲያ ለምን የኔ ጥፋት ነው አልክ?»

«እሱን ልነግርሽ አልችልም።»

«ለኔ? ለኔ የማይነገር ነገር አለህ?»

ገመዱን ቋጠረና ቀና አለ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብትፈልግ አጣች። ቁጣ ቢሆን በቻለችው። «ትናንት በደንብ አየሽኝ እኮ» አላት። «መልሱን ያኔ ከፊቴ ላይ ያነበብሽው መስሎኝ ነበር።» ከዚያ የመኪናው ረዳት ጠራው፤ ሄደ።

በዚያ ሳምንት ከአሰቦት የመጣላት መልእክት አንድ ዓይነት ነው። «ሻምበል ዛሬ ቆመ?» ስለ እሷ አንድ ቃል የለበትም። እሷም «አልቆመም» ብላ ትመልሳለች። ሌላ የምትጽፈው ነገር ሞልቷት ነበር፤ ጣቷ ግን እምቢ አላት። ሰው ከሚወደው ሰው ጋር ስለ ውሻ ብቻ ሲያወራ ምን ያህል ብቸኛ እንደሚሆን ያን ሳምንት አወቀችው።

ከተማው ደግሞ ሥራውን አልፈታም። «የኃይለሚካኤልን ውሻ በዱቄት ገደለው» የሚለው ወሬ ከሰፈር ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ጫት ተራ ዘለቀ። ሻምበል ገና በሕይወት እንዳለ ያስታወሰ አልነበረም። መጋዘን ያላቸው ነጋዴዎች የነቢዩን ዱቄት ከነከረጢቱ ደፉት።

ቅዳሜ ጠዋት እንቁ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ብትወጣ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ሲገባ አየች። ከጣሳው ኋላ የጎረቤታቸው የዘይቱና እጅ ነበር። ሻምበል እየተንገዳገደ ሄዶ ጣሳው ውስጥ አፉን ከተተ። ጉበት! በሁዳዴ፣ በወይዘሮ ዓለምሸት ግቢ፣ የተቀቀለ ጉበት ከእንቁላል ጋር!

«እትዬ ዘይቱና!»

«ሽሽ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀስ!» ዘይቱና በአጥሩ ላይ ፊቷን ብቅ አደረገች። ከባሏ ከዓሊዩ ጋር ከዚህ ቤት አጠገብ ሃያ ዓመት ኖራለች። «ምን ትጮሂ? እናትሽ ትሰማ!»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምን ይሆን? ጉበት ነዋ። ውሻ እንደሆነ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ አይል! እናትሽ በድስቷ አታበስል፣ ሁዳዴ ነው። እኔ ደግሞ ዕቃዬን ውሻ ቢልሰው ሰባት ጊዜ ማጠብ፣ አንዱን በአፈር። ማን ይችላል? ባዶ ጣሳ ነው የምልክ፤ አይመለስም። ወላሂ፣ ረመዳን ሆኖ ሳልቀምሰው ነው የማበስል። እኔ ጾመኛ፣ አባትሽ ጾመኛ፤ ይሄ ሰሬ፣ ይሄ ውሻ ምን አጠፋ?»

«ማን ነው አብስይ ያለሽ?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ዘይቱና ብቅል በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ምስጢር ለማውጣትም አያስፈልጋትም። አንድ ጊዜ ወደ ቤቷ፣ አንድ ጊዜ ወደ እንቁ ቤት አየችና ፈነዳች።

«ያ ልጅ ነው! ነቢዩ። አሰቦት የሄደ ዕለት ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ በሬን አንኳኳ። ሽንኩርት ነው አለኝ። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብስ፤ ደሙን ያሟሟዋል። በየቀኑ በየቀኑ ሲበላ ደሙ አለቀ። ጋሽ ኃይሌ በእጁ የሚያጎርሰው ነው! እኔም ታዲያ ለምን አልነገርከውም፣ ስምህን ታጠፋለህ እንዴ ብለው ምን አለኝ? ‹አንድ ሽማግሌ በጾሙ መሀል፣ በሰው ፊት፣ የምትወደውን በገዛ እጅህ ገደልክ ልበለው? ስሜ ቢጠፋ ይመለሳል› አለኝ። ጠዋት ጠዋት ጉበት አጥግቢልኝ፣ ከጠገበ የእሳቸውን ጉርሻ ይተዋል፣ ለማንም አትንገሪ አለኝ። እኔም አልተናገርኩ፤ ለአንቺ ብቻ።»

እንቁ የያዘችው እርጥብ ልብስ ከእጇ ወደቀ። «በደንብ መጠየቅ ነበረብኝ» ያለው ጆሮዋ ውስጥ እንደ አዲስ ተሰማ። ቃል በቃል እውነቱን ነበር የተናገረው። የጾሙን ምግብ አልጠየቀም፤ ያንን ብቻ ነው ያጠፋው። የቀረውን ሁሉ የተሸከመው ለአባቷ ነው። እሷ ደግሞ በጥርጣሬ ዓይን አየችው። ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ አለቀሰች። ሻምበል ጣሳውን ትቶ መጥቶ ጎኗ ተኛ።

«ግን አይሆንም» አለች ዘይቱና፣ አሁን ድምፅዋ ሌላ ሆኖ። «ጠግቦም ይበላል። ትናንትም በላ፤ በዓይኔ ነው ያየሁ። ውሻ ከጌታው እጅ የመጣ አይመልስም።»

ያኔ ነው እንቁ ዕንባዋን የጠረገችው። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፤ ሻምበልን ግን ሊቀብረው ነው።

የዚያኑ ዕለት ረፋድ ላይ፣ የቅዳሜ ቅዳሴ በጠዋት ነውና፣ አቶ ኃይለሚካኤል ብቻቸውን ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ገበታው በረንዳው ላይ ቀረበ። ጎናቸው ተንሰራፍቶ ለተኛው ለሻምበል መጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለሉ፤ የወቀጡትን ነጭ ሽንኩርት መሀሉ ከተቱበት። ጓደኛቸውን እንደሚያስታምሙ፣ በሙሉ ልብ ነበር የሚያደርጉት። እንቁ እጃቸውን ያዘችው።

«አባዬ፣ ተው።»

«ምን ሆንሽ?»

«ሽንኩርት ነው እየገደለው ያለው። ደሙን የጨረሰው ሽንኩርት ነው። ዱቄቱ አይደለም።»

አባቷ እጃቸውን ሊያስለቅቁ ሞከሩ፤ አልለቀቀችም። «ያ ልጅ ነው ይህን ያስተማረሽ! ሰው የሚበላው እህል ውሻ ይገድላል? የነነዌ ሰዎች ንስሐ ሲገቡ ከብቶቻቸው አልጾሙም? ሻምበልም ጾመኛ ነው። ጾመኛ ደግሞ የጾም ነው የሚበላው!»

«የነነዌ ከብቶች የጾሙት ሦስት ቀን ነው፣ አባዬ። ሻምበል ሁዳዴን ሙሉ ነው። ደግሞ እሱ የሚጠብቀው ጾሙን አይደለም፤ አንተን ነው። አንተን ስለሚወድ ነው የማይበላው!»

ወይዘሮ ዓለምሸት ከቤት ብቅ ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ያ ልጅ አላስተማረኝም» አለች እንቁ። «እሱማ አፉን ዘጋልህ። ያን ቀን ነጭ ሽንኩርት ያልክ ጊዜ ሁሉም ገብቶታል። ልብህ እንዳይሰበር፣ በሰው ፊት እንዳታፍር ብሎ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ሱቁ ባዶ ሆኗል። በገበያው ‹ውሻ ገዳይ› እየተባለ ነው። አንተ ስታባርረው እኔም በክፉ ዓይን አየሁት። እኔ! እሱ ግን አሰቦት ሆኖ በየቀኑ የሚጠይቀኝ ‹ሻምበል ቆመ ወይ› ብሎ ነው። አንተ ስለምትወደው!»

አቶ ኃይለሚካኤል ጉርሻውን አዩት። ከዚያ ሻምበልን አዩት፤ ውሻው አፉን ከፍቶ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ በእምነት ይጠብቃቸው ነበር። ጉርሻውን ገበታው ላይ መለሱት፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ሳይበሉ ተነሥተው ገቡ። እንቁ የተናገረችው እውነት ነው፤ ግን አባቷ እንዲህ ጎብጠው ሲሄዱ አይታ አታውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ብቻ በማግስቱ ጠዋት እንቁ በመስኮት ስታይ፣ አጥሩ ሥር ቆመው ጣሳውን ከዘይቱና እጅ የሚቀበሉት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ዒድ አልፎ፣ ጾሙም እየገፋ ሲሄድ የሻምበል ድድ ቀላ። አንድ ቀን ባጃጅ ላይ ጮኸ። ወይዘሮ ዓለምሸት እልል ሊሉ ቃጣቸውና ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ። እንቁ ግን ከሻምበል ጋር እየዳነች፣ በሌላ በኩል እየታመመች ሄደች። ነቢዩ ከአሰቦት ተመልሷል። መልእክቱም ቆሟል።

በሆሣዕና ዋዜማ፣ የገበያ ቀን፣ ሱቁ ሄደች። ነቢዩ ያልተሸጡ ከረጢቶች መሀል ቁጭ ብሏል።

«ቆመ» አለችው በሩ ላይ ሆና። «ሻምበል ቆመ።»

ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ ጨለመ። «ዘይቱና ነገረችሽ።»

«አዎ ነገረችኝ። ለአባዬም ነገርኩት። ይሉኝታህ ሻምበልን ሊቀብረው ነበር፣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። አሰቦት ሆኜ አንድም ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም። ግን እንዴት ብዬ እላቸዋለሁ፣ እንቁ? ነገ ደጃቸው ሽማግሌ ልኬ ልጅዎን ይስጡኝ የምል ሰው፣ ዛሬ በሰፈር ሰው ፊት ላዋርዳቸው?»

«ለኔስ? ለኔ ብትነግረኝ ማን ይዋረድ ነበር?»

«አንቺ አየሽኝ» አለ። «ከዚያ በኋላ ብነግርሽ፣ ራሴን ለማዳን አባትሽን የማሳጣ መሰለኝ።»

እንቁ ይህን ቃል ስትፈራው ነው የሰነበተችው። አሁን ሲመጣ ግን አልሸሸችውም። «ፈርጄብሃለሁ» አለችው። «አንድ አፍታ ናት፤ ግን ፈርጄብሃለሁ። አብሬህ የነፋሁትን ዱቄት ጠረጠርኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ራሴን ይቅር አላልኩም። አንተ ይቅር በለኝ።»

«አንድ አፍታ ነበረች፤ አየሁ» አለ ነቢዩ። «ግን አሰቦት ድረስ ይዣት ሄድኩ።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን ርሶ ነበር። «እኔም አጥፍቻለሁ። አምኜሽ ቢሆን እነግርሽ ነበር። አንቺም ይቅር በዪኝ።»

ሊቀርባት አንድ እርምጃ ሲራመድ ውጪ የውሻ ጩኸት ተሰማ። ሁለቱም ዞሩ። በገበያው ግርግር መሀል ሻምበል ፊት ፊት እየቀደመ መንገድ ያስለቅቃል። ከኋላው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው አቶ ኃይለሚካኤል። እንቁ ልትደበቅ ብትፈልግ ቦታ አጣች፤ ሱቋ ያን ያህል ጠባብ ናት።

አባቷ አይተዋታል። ደጃፉ ላይ ቆሙና ነቢዩ «ይግቡ አባባ» ሲላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚሁ ይሻላል» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች፣ ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው፣ የጫት ነጋዴዎቹ ዞረው አዩ። «የሰደብኩህ በሰው ፊት ነው፤ የምናገረውም በሰው ፊት ነው። ይህን ውሻ ያመመው ያንተ ዱቄት አይደለም። የኔ እጅ ነው። አውቄ አይደለም፤ ግን የኔ እጅ ነው። አንተ ይህን እያወቅክ ዝም አልክልኝ። ሁዳዴን ሙሉ ከሥጋ ጾሜ፣ ያንተን ስም ስበላ ከረምኩ። ንስሐ አባቴ ቅጣት ሳይሰጡኝ መጀመሪያ አንተ ዘንድ ሂድ አሉኝ። መጣሁ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ነቢዩ ወደ ጉልበታቸው ጎንበስ ሲል በትከሻው ይዘው አቆሙት። «ተው፤ ዛሬ የምጎነበሰው እኔ ነኝ» አሉት።

«እግዚአብሔር ይፍታን አባባ» አለ ነቢዩ።

አቶ ኃይለሚካኤል ዞረው ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቆሙ። ሻምበልም ቆመ። ሽማግሌው ወደ ሱቁ ሳይሆን ወደ አስፋልቱ እያዩ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ ተናገሩ።

«ሽማግሌ ልትልክ ታስብ ነበር አሉ። ዳግማይ ትንሣኤ ሳያልፍ ማንም ደጄን እንዳይረግጥ። ሲያልፍ ግን፣ ከሽማግሌዎቹ መሀል ጎረቤቴን ዓሊዩን አትርሳ። ሌላውን እምቢ ማለት እችልበታለሁ። ዓሊዩን ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እምቢ ብዬው አላውቅም።»

ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ እያደረጉ፣ ውሻቸውን ተከትለው በገበያው መሀል ሄዱ።

ነቢዩ «ዓሊዩ» አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ዓሊዩ» አለ፤ ስሙ ይጠፋብኛል ብሎ የፈራ ይመስል። እንቁ ከሱቁ ወጥታ አጠገቡ ቆመችና እጁን ያዘችው። በገበያ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በአደባባይ ይዛው አታውቅም ነበር። አሁን ማፈር ይገባኝ ይሆን ብላ ልቧን ፈተሸችው፤ ከደስታ በቀር ያገኘችበት ነገር አልነበረም።